ትታው ሄዳለች፤ እሱ ግን አልተዋትም

አንዲት ሴት በቀድሞ ባሏ ወይም ፍቅረኛዋ ተገደለች የሚል ዜና ሲሰማ አንድ ጥያቄ ሁሌም ይቀድማል። ‹‹ለምን ጥላው አልሄደችም?›› ዝርዝሩ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይሰማል። ሄዳ ነበር። ከተለያዩ ወራት አልፈዋል። ያን ጊዜ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። ‹‹ከተለያዩ ታዲያ ምን አገናኛቸው?››

አላገናኛቸውም። እሱ ነው ዱካዋን ያልለቀቀው። በመለያየትና በዚያ ዜና መሃል ያለው ጊዜ ከውጭ ሲያዩት ሰላም ይመስላል። ጩኸት የለም፣ ዱላ የለም፣ ጎረቤት የሚገላግለው ጠብ የለም። ለእሷ ግን ዱላው ቆሞ ዓይኑ የቀጠለበት ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጊዜ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ራሱ ያምታታል

በእንግሊዝኛ ‹‹ስቶኪንግ›› ይባላል። አንዱ የቆየ ትርጉሙ የአደን ነው፤ አዳኝ እየተሸሸገ አውሬውን የሚከተልበት መንገድ። ወደ እኛ ንግግር ሲገባ ግን ቀለል ብሎ ገባ። ‹‹ትናንት ፔጁን ስቶክ ሳደርግ አመሸሁ›› ያለ ሰው ፎቶ ሲያይ አመሸ ማለት ነው። ‹‹ክትትል›› ብንለው ደግሞ ሐኪምም ይከታተላል፣ መምህርም ይከታተላል። ስለዚህ እዚህ ‹‹ማሳደድ›› እለዋለሁ፤ አድራጊውን ‹‹አሳዳጅ››።

አንድ ያልተፈለገ ስልክ ማሳደድ አይደለም። ድርጊቱ መደጋገም አለበት። እሷ እንደማትፈልገው ግልጽ መሆን አለበት። የሚያስፈራት ወይም ኑሮዋን የሚያናጋ መሆን አለበት። መንገድ ላይ መጠበቅ፣ ቀኑን ሙሉ መደወል፣ በጓደኛ በኩል መልእክት መላክ፣ ስጦታ ማስቀመጥ፣ ንብረት ማበላሸት፣ ለአሠሪዋ ስሟን የሚያጠፋ ደብዳቤ መጻፍ፣ የኢንተርኔት አካውንቶቿን መስበር፤ ሁሉም ከዚህ ይገባሉ።

ሌላም መምታታት አለ። አሳዳጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የታዋቂ ሰው አድናቂ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1989 ሬቤካ ሼፈር የተባለችው አሜሪካዊት ተዋናይ ሲከታተላት በቆየ አድናቂ ተገደለች። በዓመቱ ካሊፎርኒያ ማሳደድን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ጉዳዩ በዚያ መልክ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀረ። ነገር ግን አብዛኞቹ የሚሳደዱ ሴቶች አሳዳጃቸውን በስሙ ያውቁታል፤ በብዛት የሚገኘውም የአሁን ወይም የቀድሞ አጋር ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እንግዳ ሰው ስለ እሷ ሁሉንም ከዜሮ መማር አለበት። የቀድሞ አጋር ግን ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ሲጨንቃት እነማን ቤት እንደምትሄድ፣ የይለፍ ቃሏን ከማን ስም እንደምትሠራ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ምን እንደሚያስፈራት ያውቃል።

አበባው ምን ይላል?

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። አንዲት ሴት ከሚመታት ሰው ተለይታ ቤት ቀየረች እንበል። አድራሻዋን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በልደቷ ቀን ጠዋት በሩን ስትከፍት እቅፍ አበባ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ካርዱ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል፤ ‹‹መልካም ልደት››።

ጎረቤቷ አይታ ‹‹የታደልሽ!›› ትላለች። ፖሊስ ጣቢያ ብትሄድ ‹‹አበባ መላክ ምን ወንጀል አለው?›› ልትባል ትችላለች። እሷ ግን ካርዱ ላይ ያነበበችው ሌላ ነው። ‹‹የት እንዳለሽ አውቄያለሁ።›› አብረው ሳሉ ደግሞ ‹‹ብትሄጂ የትም ብትሆኚ አገኝሻለሁ›› ብሏት ነበር። አበባው የዚያ ቃል ማረጋገጫ ነው።

ማሳደድ የሚሠራው እንዲህ ነው። መልእክቱ የሚነበበው በሁለቱ መካከል ባለፈው ታሪክ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው አበባ ያያል። ከሥራ ስትወጣ ‹‹ቀዩ ሹራብ ያምርብሻል›› የሚል አጭር መልእክት ሲገባላት ሌላው ሰው አድናቆት ያነባል፤ እሷ ዛሬ ከየትኛው ጥግ ሆኖ እንዳያት ታሰላለች። ለሌላ ሰው ስታስረዳ ነገሩ ሁሉ ተራ ይመስላል። ያ ደግሞ ሁለተኛ ጉዳት ነው፤ ‹‹እኔ ነኝ የማጋንነው?›› ማለት ትጀምራለች።

ለምን ሲለያዩ ይብሳል?

ኢቫን ስታርክ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር በ2007 ሰፋ አድርጎ ያብራራው አንድ ሐሳብ እዚህ ይረዳል፤ አስገዳጅ ቁጥጥር። በዚህ አስተሳሰብ የቤት ውስጥ ጥቃትን የንዴት ቀናት ድምር አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ገንዘቧን መያዝ፣ አለባበሷን መምረጥ፣ ጓደኞቿን ማራቅ፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት መቁጠር፤ እነዚህ ተያይዘው መረብ ይሆናሉ። ዱላው የመረቡ አንድ ክር ነው።

እንዲህ ከታየ ከመለያየት በኋላ የሚመጣው ማሳደድ አዲስ ነገር አይሆንም። አብረው ሲኖሩ ዓይኑ ሥር ነበረች፤ ዱካዋን መከተል ብዙ አላስፈለገውም። ስትሄድ ቁጥጥሩ ከርቀት መካሄድ ያዘ።

የአእምሮ ሐኪሙ ፖል ማለንና ባልደረቦቹ በ1999 አሳዳጆችን በአምስት ዓይነት ከፍለው ነበር። ከአምስቱ አንዱ ‹‹የተተወ›› የሚሉት ነው፤ የቀድሞ አጋሮች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። የዚህ ሰው ፍላጎት እርቅና በቀል የተቀላቀለበት ነው። ጠዋት ‹‹ያለ አንቺ መኖር አልችልም›› ይላል፤ ማታ ‹‹አጠፋሻለሁ››። ሲከታተላት ግንኙነቱ ያላለቀ ይመስለዋል። ማሳደዱ ራሱ የግንኙነቱ ምትክ ይሆንለታል። ለዚህ ነው ‹‹አንዴ ቁጭ ብለሽ በደንብ አስረጂውና ይገባዋል›› የሚለው የሽምግልና ምክር አደገኛ የሚሆነው። አርባ ጊዜ ደውሎ በአርባ አንደኛው ከተነሣለት የተማረው አርባ አንድ ጊዜ መደወል እንደሚያዋጣ ነው።

‹‹ፍቅር ይዞት እኮ ነው›› የሚሉ ሰዎች አሉ። ክፋት የላቸውም። መለያየት ያማል፤ ብዙ ሰው ተለይቶ ሰሞኑን ደጋግሞ ይደውላል፣ በሯ ላይም ይቆም ይሆናል። ነገር ግን ያ ዓይነቱ ‹‹አልፈልግም›› ሲባል ቶሎ ይበርዳል። ይህንኑ የማለን ባልደረቦች በ2004 አጥንተውታል። እንዲህ ያለ መጨቅጨቅ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለወራት የመቀጠሉ ዕድል በጣም ከፍ ይላል። ስለዚህ ማመዛዘኛው የስሜቱ ጥንካሬ ሳይሆን ‹‹ተወኝ›› ከተባለ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። አብረው ሳሉ ይመታት ከነበረ ደግሞ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።

ሰውነት አያርፍም

የሰው አካል ለፍርሃት የተዘጋጀው ለአጭር ጊዜ ነው። አደጋ ሲመጣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ምግብ መፍጨት ይዘገያል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የምትሳደድ ሴት ላይ ግን አደጋው አያልፍም። እንቅልፍ ይሰበራል። ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ የልብ ትርታ መዛባት፣ ክብደት መቀነስ ወይም መጨመር ይከተላሉ። ሐኪም ቤት ሄዳ ‹‹ምንም የለብሽም›› ተብላ ትመለሳለች፤ ምርመራው የሚያየው ሆዷን እንጂ ደጃፏን አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ዝም ያለበት ሳምንትም ዕረፍት አይደለም። ሲደውል ቢያንስ ስልክ ላይ እንዳለ ይታወቃል። ሦስት ሳምንት ሲጠፋ የት እንዳለ አይታወቅም። ዘመድ ‹‹ተገላገልሽ፣ ተወሽ›› ሲላት እሷ የበለጠ ትጨነቃለች። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር በየሰዓቱ ይጠበቃል። የመኪና መብራት መስኮቱን ሲያቋርጥ ንግግሯን ታቋርጣለች። ሰሌዳ ቁጥር ማንበብ ልማድ ይሆንባታል።

ባለሙያዎች ከከባድ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ጉዳት ‹‹ድህረ አደጋ ሰቀቀን›› የሚል ስም ይሰጣሉ። ያለፈው ነገር በቅዠት ይመላለሳል፣ ሰው ይበረግጋል፣ ስሜቱ ይደነዝዛል። እነዚህ ምልክቶች ብዙ የሚሳደዱ ሴቶች ላይ ይታያሉ። ስሙ ግን ‹‹ድህረ›› ይላል። ለእሷ ገና ‹‹ድህረ›› አልመጣም። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ማስገባቷን ‹‹ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬ›› ብሎ የሚመዘግብ ባለሙያ ትክክለኛ ስሌቷን እንደ ሕመም እየቆጠረባት ነው።

ሚሼል ፓቴና ፖል ማለን በአውስትራሊያ 100 ተሳዳጆችን አነጋግረው በ1997 ያወጡት ጥናት በዚህ ዘርፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከመቶው 94ቱ በማኅበራዊ ኑሯቸው ወይም በሥራቸው ላይ ትልቅ ለውጥ አድርገዋል። ከግማሽ በላይ ሥራቸውን ቀንሰዋል ወይም ትተዋል። ወደ ሩብ የሚጠጉት ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች እርዳታ ፍለጋ የቀረቡ ስለነበሩ ከሌላው የከፋ የደረሰባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩን ለሁሉም ማዋል አይገባም። ብዙዎቹ ሳይመቱ እንኳ እዚህ ሊደርሱ መቻላቸው ግን ‹‹ምን አደረጋት፣ አልነካት!›› ለሚለው ሰው መልስ ይሆናል።

ኑሮ እየጠበበ ሲሄድ

ጉዳቱ ከአካሏ አልፎ ሰዓቷን ይወስዳል። በየቀኑ በሌላ መንገድ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትወጣለች። የማታ ትምህርቷን ታቋርጣለች። የሥራ ዕድገት ሲሰጣት ስሟና ፎቶዋ ድረ ገጽ ላይ ሊወጣ ነው ብላ ትተወዋለች። እሱ በቀን ስድስት ጊዜ እየደወለ የሥራ ባልደረቦቿን ሲያሰለች አለቃዋ ‹‹የግል ጉዳይሽን ውጭ ጨርሺ›› ይላታል። ሥራ ስታጣ ቤት ኪራይ ያጥራል፣ ኪራይ ሲያጥር ወደ እሱ የመመለስ ግፊት ይጨምራል። ቀድሞም ገንዘቧን ይዞ ያስቸግራት ለነበረ ሰው ይህ ድል ነው።

ሰውም ይርቃታል። ጓደኛ መጀመሪያ ያዝናል፣ ቀጥሎ ይፈራል፣ በኋላ ይሰለቻል። አንዳንዱ ሳያውቅ የእሱ መልእክተኛ ይሆናል። ‹‹አገኘሁት እኮ፣ ተጎድቷል፣ ደህና መሆኗን ብቻ ልወቅ አለኝ›› የሚል ወዳጅ በቅንነት አድራሻ ይሰጣል።

ልጆች ካሉ ነገሩ ይወሳሰባል። ልጁን ለመውሰድና ለመመለስ የሚገናኙበት ሰዓት አባትየው በሕጋዊ መንገድ የሚያገኛት ብቸኛ ሰዓት ይሆናል። ‹‹እናትህ ማታ ማን ይመጣላታል?›› የሚል ጥያቄ ለስድስት ዓመት ልጅ ይቀርባል። የአባትን መብት የሚከላከሉ ሰዎች የሚያነሡት ነጥብ ግን መሰማት አለበት። ልጅ አባቱን ማየት ይገባዋል፤ ክስም አንዳንዴ በአሳዳጊነት ሙግት ውስጥ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በእኔ እይታ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ልጁን በሦስተኛ ሰው ወይም በተቋም በኩል ማስረከብ የአባትን መብት አይነካም። የእናትን አዲስ አድራሻ ማወቅ የአባትነት መብት አካል አይደለም።

ኪስ ውስጥ ያለው ሰላይ

ድሮ ለመከተል እግርና ጊዜ ያስፈልግ ነበር። አሁን ስልክ ይበቃል። አብረው ሳሉ የተከፈተ የቦታ ማጋሪያ፣ በጋራ የሚጠቀሙበት ኢሜይል፣ የልጁ ታብሌት፤ ከተለያዩ በኋላም ክፍት ሆነው ይቀራሉ። ‹‹ስቶከርዌር›› የሚባሉ ድብቅ መተግበሪያዎችም አሉ። ስልኳን ለጥቂት ደቂቃ በእጁ ያስገባ ሰው ጭኗቸው መልእክቷን፣ ጥሪዋንና ያለችበትን ቦታ ከሩቅ ያያል። አፕል በ2021 ለጠፋ ቁልፍ መፈለጊያ ያወጣው ኤርታግ የተባለ ትንሽ ክብ መሣሪያ ሴቶች መኪናና ቦርሳ ውስጥ ተደብቆ መገኘት ጀመረ። አፕልና ጉግል የማይታወቅ መከታተያ ሲከተል ስልኮች ባለቤታቸውን የሚያስጠነቅቁበትን የጋራ ዘዴ የለቀቁት በ2024 ነው።

ዘዴው በቴክኖሎጂ የረቀቀ መሆን አይጠበቅበትም። በ2020 አንድ ትልቅ የአውስትራሊያ ባንክ ሒሳቦችን ሲመረምር በሦስት ወር ውስጥ ከ8,000 በላይ ደንበኞቹ ከአንድ ዶላር በታች የሆኑ ተደጋጋሚ ገቢዎች እንደደረሷቸው አየ። ገንዘቡ ሽፋን ነበር። የገቢው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ ስድብና ማስፈራሪያ ተጽፏል። ስልኩ ተዘግቶበት፣ ኢሜይሉ ታግዶበት፣ አሥር ሳንቲም ልኮ አገኛት።

ከግድያ ጋር ያለው ዝምድና

የተባበሩት መንግሥታት ግምት በ2023 በዓለም 51,100 ገደማ ሴቶችና ልጃገረዶች በአጋራቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል እንደተገደሉ ያሳያል። በቀን 140 ማለት ነው። ከእነዚህ ምን ያህሉ ቀድመው ይሳደዱ እንደነበር የሚናገር ዓለም አቀፍ ቆጠራ የለም። በአሜሪካ ከተሞች ተሠርቶ በ1999 የወጣ ጥናት ግን በአጋራቸው ከተገደሉት ሴቶች 76 በመቶ፣ ከመገደል ለጥቂት ከተረፉት ደግሞ 85 በመቶ በመጨረሻዎቹ 12 ወራት ይሳደዱ እንደነበር አግኝቷል።

ይህን ቁጥር ገልብጦ ማንበብ ስህተት ነው። የሚሳደዱ ሴቶች አብዛኞቹ አይገደሉም። ቁጥሩ የሚለው ማሳደድ ማስጠንቀቂያ ምልክት መሆኑን ነው፤ በተለይ ቀድሞ ድብደባ፣ ማነቅ፣ የግድያ ዛቻ ወይም የጦር መሣሪያ ከነበረ። ነርሷና ተመራማሪዋ ጃክሊን ካምቤል በ1980ዎቹ ያዘጋጀችው የአደጋ መመዘኛ መጠይቅም ይከታተልሻል ወይ፣ ይሰልልሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሕጉ ከኋላ ሲሮጥ

አብዛኛው የወንጀል ሕግ የሚያየው ድርጊትን ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን አደረገ። ማሳደድ ግን የሚገኘው በድርጊቶች ሰንሰለት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የብሪታንያ የ1997 ሕግ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የተፈጸመ ‹‹ተከታታይ ድርጊት››ን የወሰደው። በእንግሊዝና ዌልስ ማሳደድ በስሙ ወንጀል የሆነው በ2012 ነው። ሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት የሚመለከተው የአውሮፓ ምክር ቤት የኢስታንቡል ስምምነትም በ2011 በአንቀጽ 34 አገሮች እንዲከለክሉት ጠይቋል።

ሕግ እንዴት እንደሚዘገይ ለማየት ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1999 አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀድሞ ፍቅረኛዋ ምክንያት ተገደለች፤ እሷና ቤተሰቧ ለፖሊስ ደጋግመው አመልክተው ነበር። በ2000 ሕግ ወጣ። ሕጉ ተደጋጋሚ ስልክና ፋክስን ከለከለ። ኢሜይል አልተጠቀሰም። በ2012 ሌላ ሴት ከቀድሞ ፍቅረኛዋ ከ1,000 በላይ ኢሜይል ደረሳት። ፖሊስ ኢሜይል በሕጉ የለም ብሎ እጁ ታሰረ፤ ሴትየዋ በዚያው ዓመት ተገደለች። ሰውየው ከዚያ በፊት በዛቻ ሲታሰር ፖሊስ የእስር ማዘዣውን አነበበለት፤ ካገባች በኋላ የያዘችውን ስም እሱ ከዚያ ሰማ። በቀጣዩ ዓመት ኢሜይል ተጨመረ፣ በ2016 ማኅበራዊ ሚዲያ፣ በ2021 ያለችበትን ቦታ በጂፒኤስ መከታተል።

እንግሊዝና ዌልስ አስገዳጅ ቁጥጥርን በ2015 ወንጀል ሲያደርጉም ሕጉ ተለያይተው ለየብቻ የሚኖሩ የቀድሞ አጋሮችን ሳይጨምር ቀረ። ሕጉም እንደ ሰፈር ወሬው ‹‹ከተለያዩ አለቀ›› ያለ መሰለ። የተስተካከለው በ2021 በወጣ ሕግ ነው።

ፍርድ ቤት የሚሰጠው የእገዳ ትእዛዝ ይረዳል ወይ በሚለው ላይ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ‹‹ወረቀት ጥይት አያቆምም፣ እንዲያውም ያናድደዋል›› ይላል። እውነት አለው፤ ትእዛዝ በብዛት ይጣሳል። ሌላው ወገን ትእዛዝ ያገኙ ብዙ ሴቶች ጥቃቱ እንደቀነሰና ደህንነት እንደተሰማቸው ይናገራል። ለእኔ ወሳኙ የሚመስለኝ ሲጣስ ምን ይሆናል የሚለው ነው። መጀመሪያ ሲጥስ ካልተያዘ ትእዛዙ እሱን የሚያስተምረው ሕጉም እንደማይደርስበት ነው።

‹‹ቁጥርሽን ቀይሪ››

በጣም የተለመደው ምክር ይህ ነው። ሁሌም ትክክል አይደለም። አሮጌው መስመር ሲዘጋበት በአካል ሊመጣ ይችላል፤ ማስረጃውም አብሮ ይቋረጣል። ከተጠቂዎች ጋር የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች አዲሱን ቁጥር ለሚታመኑ ሰዎች ብቻ ሰጥቶ አሮጌውን ሳያነሡ ክፍት መተው ይሻላል ይላሉ። ስልኩ ላይ ድብቅ መተግበሪያ ከተጠረጠረም ቶሎ ማጥፋት መነቃቱን ይነግረዋል፤ ዕቅዱን በሌላ ሰው ስልክ መነጋገር ይቀድማል። አንዴ በግልጽ ‹‹አትደውልልኝ›› ብሎ ከዚያ በኋላ በምንም ምክንያት አለመመለስም ይመከራል።

ሌላው ምክር ደብተር መያዝ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሆነ፣ ማን አየ። ስክሪንሾቱ፣ ካርዱ፣ የመኪናው ሰሌዳ። ደብተሩ ይከብዳል፤ የምትሸሸውን ሰው ውሎ በየቀኑ በእጇ መጻፍ አለባት። ያም ሆኖ ሰንሰለቱን የሚያሳይላት ሌላ ነገር የላትም። ጣቢያው ውስጥ ‹‹ዛሬ ምን አደረገሽ?›› ከተባለች መልሷ ‹‹አበባ ላከልኝ›› ብቻ ነው። ‹‹ከመቼ ጀምሮ ነው?›› ያላት ሰው ካለ ግን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ትከፍትለታለች።